የቤት ውስጥ ስፖርት ቪዲዮ ጥቅሙና ጣጣው

ደሴ ላይ የስፖርት ወሬ ከተነሳ ሰዉ ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ስልክህን ክፈትና እቤትህ ሥራ፣ ለጂም ምን አስከፈለህ?» ይላል። ሌላው «በቪዲዮ የተለወጠ ሰው አሳየኝ» ብሎ ይስቃል። በመሀል ቴሌግራሙና ቲክቶኩ «በ21 ቀን ቦርጭ ቻው» እያለ ይለፈልፋል። መስከረም ሲጠባ ይብስበታል፤ የሰርግ ወቅት ሲቃረብም እንደዚያው።

ክርክሩ ቤት ወይስ ጂም በሚለው ላይ ስለተተከለ ዋናውን ነገር ዘሎታል። ቪዲዮ የተቀዳ ነገር ነው። የሚሠራውን ሰው አያየውም። ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ጉልበቱን ያመው እንደሆነ፣ ትንፋሹ እያጠረ እንደሆነ አያውቅም። ጥቅሙም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፦ የሚያይ የለም። ይሄ ለአንዳንዱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን አደጋ።

ሁሉም ቪዲዮ አንድ አይደለም

«የቤት ውስጥ ስፖርት ቪዲዮ» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር እያደባለቅን ነው። የመጀመሪያው ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚገኘው ነጠላ ቪዲዮ ነው። 15 ወይም 30 ደቂቃ አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ አለቀ። የነገው ከትናንቱ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ሁለተኛው ፕሮግራም የሚባለው ነው፤ የአራት፣ የስምንት ወይም የአሥራ ሁለት ሳምንት እቅድ ያለው፣ በየሳምንቱ ቀስ እያለ የሚከብድ። ሦስተኛው ተከፍሎበት በቴሌግራም ግሩፕ የሚሰጠው ነው። አሰልጣኙ ቪዲዮ ይልካል፤ ደህና አሰልጣኝ ከሆነ ደግሞ እናንተ ስትሠሩ የቀረጻችሁትን መልሶ ያያል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጡንቻም ሆነ ልብ የሚጠነክረው ከለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ ሲሰጠው ነው። ዛሬ 10 ፑሽ አፕ የከበደው ሰው ከሦስት ወር በኋላም 10 ላይ ከቆመ ሰውነቱ የሚለወጥበት ምክንያት የለም። ነጠላ ቪዲዮ እያማረጠ የሚሠራ ሰው ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን እዚያው ነው። «ይሄን ያህል ጊዜ ሠርቼ ምንም አላየሁም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

የሚያይ አለመኖሩ ሲጠቅም

በደሴና በኮምቦልቻ ቪዲዮ የሚወደደው በስንፍና አይደለም። ለብዙ ሴቶች ጂም መሄዱ ራሱ ጣጣ አለው። ወንድና ሴት የሚቀላቀልበት አዳራሽ አለ፣ የአለባበስ ጉዳይ አለ፣ አምሽቶ ወደ ቤት መመለስ አለ፣ መንገድ ላይ የሚወረወረው ቃል አለ። ሂጃብ የምታደርግ ሴት በፈለገችው ልብስ እንደልቧ የምትዘለው በሯን ዘግታ ነው። ሕፃን ያላት እናት ደግሞ ያላት ጊዜ ልጁ ሲተኛ የምታገኘው 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ የመንገድ ሰዓት ከተቀነሰ ምንም አይቀርም። በውፍረቱ የሚያፍር ሰውም እንዲሁ ነው። ጂም ውስጥ መስታወቱም ሰዉም ያፈጠጠበት ይመስለዋል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ጂሙ ክፍት በሆነበት ሰዓት ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው ሰዓት አይመርጥም። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ይሻላል ወይስ ከተራዊህ በኋላ የሚለውን ሰው ራሱ ይወስናል። የደሴ ክረምትም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዚያ ዝናብና ጭቃ፣ በዚያ ጉም፣ ጠዋት ለሩጫ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው።

ኢንተርኔቱም ቢሆን የሚባለውን ያህል እንቅፋት አይደለም። አንድ ጊዜ ወርዶ ስልክ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ደጋግሞ ይሠራል፤ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ አያቋርጥም። እንዲያውም በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ ከመፈለግ ያንኑ አራት አምስቱን መደጋገም የተሻለ ነው፤ መሻሻልን ለመለካት ይመቻል።

ጥናቱም ከቤት ስፖርት ጋር ጠብ የለውም። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ከያሉበት ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የልብ ሕሙማን ለማገገም የሚሠሩትን ስፖርት አይቶ ነበር። እቤት የሠሩትና ማዕከል ሄደው የሠሩት ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። ይሄንን ይዘው «ጂም ምን ያደርጋል» የሚሉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ሕሙማኑ እቤታቸው ሆኑ እንጂ አልተተዉም። አስቀድመው ተመርምረዋል፣ ባለሙያ እቅድ አውጥቶላቸዋል፣ ክትትልም ነበራቸው። አረጋውያን ሚዛናቸውንና ጉልበታቸውን እንዲያሻሽሉ በተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ባለሙያ እያያቸው የሠሩት ብቻቸውን ከሠሩት በልጠዋል። እቤት መሥራት ያዋጣል። ያለምንም ክትትል መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አራት ደቂቃዋ ከየት መጣች

ቪዲዮዎቹ ላይ «ሂት» የሚባል ነገር አይጠፋም። አጭርና በጣም ከባድ ሥራ፣ አጭር እረፍት፣ እንደገና ከባድ ሥራ ማለት ነው። ከሂት ዓይነቶች ታዋቂው «ታባታ» ነው፦ 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ ስምንት ዙር፣ በአራት ደቂቃ ያልቃል። «በቀን አራት ደቂቃ ብቻ!» የሚለው ማስታወቂያ ሥሩ እዚህ ነው።

ስሙ የመጣው ኢዙሚ ታባታ ከተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እውነትም አስገራሚ ውጤት ነበረው። በስድስት ሳምንት ውስጥ የተሳታፊዎቹ ኦክስጅን የመጠቀም አቅምም፣ ያለ በቂ ኦክስጅን የመሥራት አቅምም አብሮ አደገ። ግን ተሳታፊዎቹ እነማን ነበሩ? ስፖርት የለመዱ ወጣት ወንድ ተማሪዎች። የሠሩት በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ነው። የተሰጣቸው ጫና ሰውነት ኦክስጅን ተጠቅሞ ሊሸፍነው ከሚችለው ጣሪያ ወደ 170 በመቶ ይደርሳል። ሰባተኛው ስምንተኛው ዙር ላይ ፔዳሉን ማዞር ያቅታቸዋል፤ ሙከራው ራሱ እዚያ እንዲደርስ የታሰበ ነበር። አራት ደቂቃዋ የበቃችው ለዚህ ነው።

አሁን ያንኑ አራት ደቂቃ ሳሎን ውስጥ በጃምፒንግ ጃክ፣ ማለትም እየዘለሉ እጅና እግርን በመክፈትና በመዝጋት፣ እንየው። ሰውየው እንደልቡ እጅና እግሩን እያወናጨፈ ከቆየ ጥሩ ማሟሟቂያ ሠራ፤ የጥናቱን ውጤት ግን አይጠብቅ። ከልቡ ልሞክር ካለ ደግሞ ለዓመታት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጊዜ የአትሌት ጫና ሊሸከም ነው። ሁለቱም ከአንድ ቪዲዮ ይወጣል። ቪዲዮው የትኛው እንደሆናችሁ አያውቅማ!

እንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ የበዛበት ምክንያት ሌላ ነው። የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ስሌት፣ ሰው ቆም ብሎ የሚያየውን ነገር ይወዳል። ዝላይ፣ ላብ፣ ሙዚቃ፣ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት። አንድ ሰው ስምንት ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሠርቶ ሁለት ደቂቃ ሲያርፍ፣ እንደገና ስምንት ሠርቶ ሲያርፍ ማን ያያል? ለጀማሪ የሚሻለው ግን ብዙ ጊዜ ይሄኛው አሰልቺው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ይጨመርበታል። ቀድሞ «ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም» ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል። መካከለኛና ከባድ የሚለውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃል ተናግራችሁ መተንፈስ ካለባችሁ ከባድ ነው። የቪዲዮው አሰልጣኝ «ፍጠኑ!» ሲል መታመን ያለበት ትንፋሻችሁ ነው።

ደሴ ላይ ትንፋሽ ሌላ ሒሳብ አለው

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያንሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው ነው፤ ግፊቱ ስለሚያንስ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ይቀንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ስለለመደው በዕለት ኑሮው አይታወቀውም። ሙሉ ኃይል በሚጠይቅ ሥራ ላይ ግን ጣሪያው ዝቅ ማለቱ ይሰማል። በተለይ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው ይቸገራል።

ቪዲዮው የተቀረጸው ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ከሆነ የአሰልጣኙ ፍጥነት ለዚያ አየር የተለካ ነው። አሥር ሰከንድ እረፍት ለአሰልጣኙ ይበቃዋል፣ ለደሴው ጀማሪ ላይበቃ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቪዲዮውን አቁሙትና ተንፍሱ። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የማቆሚያው ምልክት ስልኩ ላይ የተደረገው እንዲነካ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። ከፒያሳ እስከ ሰፈሩ ያለችውን ዳገት በባጃጅ ወጥቶ፣ እቤቱ ሲደርስ «ደረጃ የመውጣት እንቅስቃሴ» የሚል ቪዲዮ ከፍቶ በርጩማ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ሰው አለ። የደሴ ዳገት ራሱ ከባድ ስፖርት ነው፣ በነፃ። ኮምቦልቻ ላይ መሬቱ ሜዳ ይበዛዋል፣ ሙቀቱም ያይላል። እዚያ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት በእኩለ ቀን ሂት መሥራት አይመከርም፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል፣ ውሃም አጠገብ ይሁን።

ላቡና ቦርጩ

ትልቁ ውዥንብር ያለው እዚህ ነው። «በ20 ደቂቃ 500 ካሎሪ አቃጥሉ» የሚል ቪዲዮ ይታያል። ካሎሪ ማለት ከምግብ የምናገኘው፣ በእንቅስቃሴም የምናወጣው የኃይል መለኪያ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ባለሙያዎች የእንቅስቃሴን ክብደት በ«ሜት» ይለካሉ። ዝም ብሎ መቀመጥ አንድ ሜት ነው፤ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት አንድ ካሎሪ ገደማ ይወጣበታል። ከባድ የቤት ስፖርት ስምንት ሜት ያህል ነው እንበል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ደቂቃ ሲሠራ ወደ 173 ካሎሪ ያወጣል። አንድ ሙሉ እንጀራ ያለ ወጥ ብቻውን ይሄን ያልፈዋል። ስለዚህ ምግብ ላይ ምንም ሳይነካ በቪዲዮ ብቻ ክብደት ለመቀነስ የሚጠብቅ ሰው ተስፋው ይርቃል። የስፖርቱ ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ እንቅልፍ፣ ስሜት፣ ጉልበት። እነዚህ ግን በፎቶ አይታዩም፣ ስለዚህ አይሸጡም።

«የሆድ ስብ ማጥፊያ» የሚለውስ? ሲት አፕ ከሆድ ቆዳ ስር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ በላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያቀልጥም። ሰውነት ኃይል ሲፈልግ ስብን ከየአካባቢው በደም በኩል ይስባል፤ ከየት ቀድሞ እንደሚወስድ የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ አወዳድሮ ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንድ ለዓመታት ከሌላው ብዙ እጥፍ ሠርቷል፤ ጡንቻውም ገዝፏል። ከቆዳው ስር ያለው ስብ ውፍረት ግን ከሌላው ክንድ ጋር ያው ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ማስታወቂያው ግን እስከዛሬ አልሰማም።

ወለሉ፣ ጎረቤቱና የጀርባው ጡንቻ

ቪዲዮው ቤቱንም አያየውም። በቪዲዮው ላይ የእንጨት ወለልና ወፍራም ምንጣፍ አለ። እዚህ ሲሚንቶ ነው፤ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ቢነጠፍ ያንሸራትታል እንጂ አያለሰልስም። በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ መቶ ጊዜ መዝለል ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ጥሩ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከታች ያለው ጎረቤት አለ። በግቢ ኪራይ ቤት ደግሞ አከራይዋ «ምን እየሆንሽ ነው?» ብለው ይመጣሉ። ዝላዩን በእርምጃ መለወጥ ይቻላል። በርፒን (ቁጢጥ ብሎ እጅን መሬት አስይዞ፣ እግርን ወደ ኋላ ወርውሮና መልሶ፣ ተነስቶ መዝለልን) ሳይዘሉ፣ እግርን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየወሰዱ መሥራት ውጤቱን ብዙ አይቀንሰውም።

ሌላው ጉድለት ብዙም አይነሳም። ያለ ዕቃ የሚሠራ ስፖርት መግፋት ይበዛዋል፣ መሳብ ይጎድለዋል። ፑሽ አፕ፣ ስኳት፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፦ ደረት፣ ጭንና ሆድ ያገኛሉ፤ የላይኛው ጀርባ ግን እጁ ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ወይም ኮምፒውተር ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ደግሞ በጣም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጀሪካን ይሄን ይፈታል። አምስት ሊትር ውሃ አምስት ኪሎ ነው፣ ሃያ ሊትሩ ሃያ ኪሎ። ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ወደ ጎድን መሳብ፣ ቀስ ብሎ መመለስ። ውሃውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይቻላል፤ ቅድም ያልነው «ከለመደው ትንሽ ከፍ» ማለት ይኸው ነው።

ሕመሙ የትኛው ነው?

አዲስ ስፖርት የጀመረ ሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጡንቻው ቢያመው የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ አንድ ቦታ የቆመ፣ እየሠሩ የሚብስ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያን «ታገሉት» የሚል ቪዲዮ ይዘጋ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ከባዱ ይመጣል። ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ከመጠን በላይ ሲሠራ ጡንቻው ተሰባብሮ ይዘቱ ወደ ደም ሊገባና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ጡንቻው አብጦ በጣም ከታመመና ሽንት ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ደረት ላይ መጨነቅ፣ ራስ መሳትም እንዲሁ።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከወለደች ብዙ ያልቆየች ሴት ከቪዲዮው በፊት ሐኪም ማነጋገር አለባቸው። ይከልከሉ ማለት አይደለም፤ ለአብዛኞቹ እንቅስቃሴ ይጠቅማቸዋል። ልዩነቱ የመጠኑ ላይ ነው። ጫት ቅሞ ከዚያ ላይ ሂት መሥራትም ብልህነት አይደለም። ጫት ራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የሚሰማው ብርታት ከጡንቻ የመጣ አይደለም።

የጂሙ ወገን የሚለው

የጂም አሰልጣኞች ክርክር በሁለት ነገር እውነት አለው። አንደኛ፣ አቋቋም የሚያርም ዓይን። ስኳት ሲሠራ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት ሰው ለራሱ አይታወቀውም። ሁለተኛ፣ ከባድ ክብደት፤ ጡንቻ በደንብ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ጀሪካኑ የሆነ ቀን አይበቃውም። ግን ጂም መግባት ብቻውን መታየት አይደለም። አንድ አሰልጣኝ ለብዙ ሰው በሆነበት፣ እሱም ስልኩ ላይ ባቀረቀረበት ጂም፣ ዓይኑ የለም፤ ክፍያው ግን አለ።

ሊሆን የሚችለው፣ እኔ እንደማየው፣ ሁለቱን ማጣመር ነው። ጥቂት ጊዜ አሰልጣኝ ዘንድ ሄዶ መሠረታዊዎቹን አምስት ስድስት እንቅስቃሴዎች በትክክል መማር፣ ቀሪውን እቤት መሥራት። የወር ክፍያ ብቻ የለመዱት ጂሞች እንዲህ ዓይነቱን አጭር አገልግሎት ቢጀምሩ፣ በተለይ የሴቶች ሰዓት ለይተው፣ ፈላጊ የሚያጡ አይመስለኝም። ይሄም ካልሆነ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ራስን ከጎን መቅረጽና ከቪዲዮው ጋር ማስተያየት አለ። ከምንም ይሻላል።

በቴሌብር ከመክፈል በፊት

የሚሸጡት ፕሮግራሞች መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ገንዘብ የከፈለ ሰው የመቀጠል ዕድሉ ሊጨምር ይችላል፤ ግሩፕ ውስጥ የሚጠይቀው ሰው መኖሩም ያበረታል። ግን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ስለ ዕድሜና ስለ ጤና ምንም ሳይጠይቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት እቅድ የሚልክ ከሆነ የገዛችሁት ነፃውን ቪዲዮ ነው። የምትሠሩትን ቀርጻችሁ ስትልኩ ያያል ወይ? ጉልበቴን አመመኝ ስትሉት ምን ይለውጥላችኋል? ትምህርቱን የት ወሰደ? የምግብ እቅዱስ ሳልመንና ብሮኮሊ ይላል ወይስ ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል ያውቃል? የጾም ወቅት ሲመጣ ምን ይላል?

የ«ቢፎር አፍተር» ፎቶውን ብዙ አትመኑት። መብራትና ትንፋሽ መሳብ ብቻ ሆድን በደቂቃ ይለውጣል፣ ፎቶው የራሱ ደንበኛ ለመሆኑም ማረጋገጫ የላችሁም። «ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ብሎ የሚያጣድፋችሁ ካለ ደግሞ ተዉት ይዘጋ። የተቀዳ ቪዲዮ ቦታ አይሞላበትም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ይሸጣል።